የአቡ ዘይነብ ምድር ቤት

ሴትዮዋ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በጣቷ ወደ እኔ ትገፋዋለች። እኔ ቴሌቪዥኑን ነው የማየው።

"እማዬ፣ ፕሊስ፣ ኦፍ አድርጊው" ትላለች ልጄ ወይንሸት።

አላደርገውም። አቡ ዘይነብ እየተናገረ ነው። የሊባኖስ ምርጫ ደርሶ ሰሞኑን በዐረብኛው ጣቢያ እሱ ብቻ ነው የሚታየው። ክራቫት አያስርም፤ የሸሚዙን አንገት ግን እስከ ላይ ይቆልፋል። ጢሙ ጥጥ መስሏል። ድሮ እንደ ከሰል ነበር።

"የዚህን ሰውዬ ካልሲ እኮ አጥቤያለሁ" እላለሁ በዐረብኛ፣ እንግዳዋ እንድትሰማኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዐረብኛዬ ግን ከልጄ እንግሊዝኛ ይሻላል።

"አውቃለሁ። የመጣሁትም ለዚሁ ነው" ትላለች።

ማርሴል ትባላለች። የሊባኖስ ክርስቲያን ናት፤ ኮሌጅ ፓርክ ሆቴል ውስጥ ከወይንሸት ጋር አልጋ ያነጥፋሉ። ልጄ አፏ አያርፍ፣ "እናቴ የሚኒስትሩ ቤት ሠራተኛ ነበረች" ብላ ጉራዋን ነዝታባታለች። ጉራውን ደግሞ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ምን ላድርግ፣ እኮራበታለሁ። በጅቡቲ ዞሬ ቤይሩት የገባሁ ጊዜ አቡ ዘይነብ ሠላሳ ያልሞላው ጎረምሳ ነበር። ሰፈሩ የሺዓ እስላሞች፣ እሱ የሰፈሩ ታጣቂዎች አዛዥ። በአንድ ትከሻው ጠመንጃውን፣ በሌላው ትንሿን ልጁን ዘይነብን ተሸክሞ ወጥ ቤቴ ይገባና ድስት ይከፍታል። "አሰፋሽ እህቴ፣ ዛሬም በቃሪያ ልትጨርሺኝ ነው?" ይለኛል። ዕንባው እየወረደ ይበላል፤ ሚስቱ ትስቃለች፣ እኔ እስቃለሁ። ለዐሹራ ሐዘናቸው ሰው በሚያህል ድስት ስንዴና ሥጋ ሲቀቀል፣ ያ ሁሉ ጎረምሳ የሚፈራው ሰውዬ እጅጌውን ሰብስቦ ከእኔ ጋር ያማስል ነበር። መድፍ የተተኮሰብን ቀን እኔንና ዘይነብን በሰውነቱ ሸፍኖ ተኛብን። ለእሱ ምኑ ነኝና?

የእርስ በርሱ ጦርነት ሲያልቅ ጠመንጃውን አስቀመጠ፣ ጢሙን አሳጠረ፣ ምክር ቤት ገባ። በኋላም ሚኒስትር ሆነ። የስንቷ ያገሬ ሴት ፓስፖርት በእመቤቷ መሳቢያ ተቆልፎበት ሲኖር፣ እሱ የእኔን በእጄ ሰጥቶ "የፈለግሽበት ሂጂ" አለኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ታከር ከተማ በልጄ ቤት ሶፋ ተደግፌ የተቀመጥኩት በማን ሆነና!

"ወንድሜ ነው። ኢልያስ ነው ስሙ" ትላለች ማርሴል። "ኬላ ላይ ከታክሲ አወረዱት። ሃያ ስምንት ዓመት አለፈው።"

"አላውቀውም።"

"ፎቶውን እንኳ አላዩትም።"

"አላውቀውም አልኩሽ እኮ! ምድር ቤት ታስሮ የነበረው ጢማም ነው። ይሄ ልጅ የተላጨ…"

ይሄ አፌ! ወይንሸት እጇን አፏ ላይ ጫነች። አቡ ዘይነብ ብቻ ነው የሚናገረው፣ ስለ መብራትና ስለ ውሃ።

ማርሴል አልጮኸችም። "ስለ ሚኒስትሩ አልጠይቅዎትም" አለች። "ይምረጡት፣ ያንግሡት። እናቴ ግን ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነው። ቄሱ ፍትሐት እናድርስለት ሲሏት፣ ለመሆኑ ሞቷል ወይ፣ መቼ ነው የሞተው ብላ ከልክላ ይኸው እስከ ዛሬ። ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ።"

ሃያ ስምንት ዓመት ያለ ፍትሐት! ያለ ተዝካር! ሪሞቱን አነሳሁና አቡ ዘይነብን አፉን እንደ ከፈተ አጠፋሁት።

"የፈረንጁን ቀን አላውቅም" አልኳት። "የታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ነው፣ በሰማንያ ሁለት። በገብርኤል ዕለት ምግብ ሳወርድለት፣ ቁሉቢ ሳልሳለም ሦስተኛ ዓመቴ ነው ብዬ አለቅስ ነበር። በበሩ ሥር እጁን አውጥቶ እጄን ነካኝ። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ከጓሮ ሁለት ጥይት ተሰማ። የውጊያ ተኩስ አልነበረም፤ ያንን ለይቼ አውቃለሁ። ስወርድ በሩ ተከፍቷል፣ ፍራሹ ተጠቅልሏል። 'ሰውየው የት ሄደ?' ብዬ አቡ ዘይነብን ጠየቅሁት። 'አንቺ ድስትሽን እዪ' አለኝ። እንደዚያ ተናግሮኝ አያውቅም ነበር።"

እኔም ድስቴን አየሁ። ይሄንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ወይንሸት ስልኳ ላይ ቆጥራ "ዲሴምበር ትዌንቲ ናይን" አለች።

ማርሴል እዚያው ቁጭ እንዳለች ቤይሩት ደወለች። ቀኑን ተናገረች። አሮጊቷ እናቷ "እሱ መሆኑን በምን አወቀች?" ስትል ሰማኋት። ማርሴል አየችኝ። በምን ላውቅ? ስሙን እንኳ የሰማሁት ዛሬ ነው። ስልኩን ተቀበልኳት።

"ምን ታበዪው ነበር?" አለችኝ አሮጊቷ።

"ጾም ላይ ነበርኩ። ለራሴ የምሠራውን፣ ምስር በሩዝ። ሽንኩርት በዘይት ጠብሼ ከላይ አደርግለታለሁ።"

"ይበላ ነበር?"

"ምስሩንማ ይበላል። ሽንኩርቱን ግን አንድ በአንድ ለቅሞ፣ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ደርድሮ ነው የሚመልስልኝ። ታስሮም ይመርጣል እንዴ ብዬ ሰድቤዋለሁ፣ አልዋሽሽም።"

 

"እኔም በዚሁ ስሰድበው ነው ያደገው" አለች አሮጊቷ።