የጣት መቆንጠጫው

በ1999 ክረምት ልጄ ታቢታ ሀዋሳ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ የልብ ምቷን የሚቆጥረው ማሽን በጮኸ ቁጥር አበቃላት ብዬ ብድግ እል ነበር።

«የታቢታ እናት፣ ከማሽኑ ቀድመው የሚጮኹት እርስዎ ነዎት» ትለኛለች ሲስተር ኢየሩስ እየሳቀች። «የማሽኑ መቆንጠጫ ከጣቷ ወልቆ ነው። ጣት ካልያዘ ዝም አይልም።»

እሁድ ጠዋት የሐይቁ ነፋስ መጋረጃውን እያወዛወዘ ታቢታ አረፈች። ሲስተር መቆንጠጫውን አውልቃ አንሶላው ላይ አኖረችው። ጩኸቱን ፈርቼ ጆሮዬን ያዝኩ።

አልጮኸም። ልጄን ሸፍነው ከወሰዷት በኋላም ማሽኑ ቀስ እያለ የልብ ምት ይቆጥራል።

ሲስተር ልታጠፋው እጇን ዘረጋች። እኔ መቆንጠጫውን አየሁት። ጣት ሲወጣ በስፕሪንግ የሚገጥመው አፉ የልጅ ጣት ያህል ተከፍቶ ቆሟል።

«አታጥፊብኝ» አልኳት።