ሁለተኛው ወር

«ተስኒም፣ አለቀልን! ክፍሉን የያዘችልን ለፌብሩዋሪ ነው» አለ አባቷ። ስልኩን በፒያሳው ካፌ ጠረጴዛ ላይ ወደ ልጁ ገፋው። ከጅቡቲ፣ ታጁራ ከምትባለው ትንሽ የባህር ጠረፍ ከተማ፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የላኩት መልእክት «ከ12/2 ጀምሮ ተይዞላችኋል» ይላል። የአባቷ የዓመት ፈቃድ ግን በጥቅምት አንድ ሳምንት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ መሥሪያ ቤቱ ንቅንቅ አያደርገውም። «ድሮስ ባህር ምን ያደርግልናል? ጨው ነው» አለ ራሱን ሲያጽናና።

ተስኒም በአሥራ አምስት ዓመቷ ባህር ያየችው በፎቶ ብቻ ነው። እሺ ብላ ልትቀመጥ? ለማረፊያው ባለቤት ደወለችና ላውድ ላይ አደረገችው። «እማማ ነሲባ፣ ሁለተኛ ወር ያሉት የካቲትን ነው እንዴ?»

«ምን የካቲት አመጣብሽ፣ የኔ ዓለም?» አሉ የወሎዋ ሴትዮ። «ከመስከረም ቀጥሎ ጥቅምት አይደል? ሃያ ዓመት እዚህ ብኖርም በፈረንጅ መቁጠር አልሆነልኝም!»

ተስኒም በረጅሙ ተነፈሰች። «አባ፣ ጨው ነው ያልከውን ልንገራቸው?»

አባቷ አልሰማትም። ክራቫቱን እያላላ አስተናጋጇን ጠርቶ፣ «እህቴ፣ እዚህ አካባቢ የዋና ቁምጣ የት ይሸጣል?» እያለ ነበር።