የገበያ ቀሪዋ

«ኦቦ ሙለታ፣ እርስዎ ይምጡና ይሥሩልን» እላለሁ፤ ጠመኔውን እየዘረጋሁ።

ጉደር ላይ ለሒሳብ መምህራን የክረምት ሥልጠና እየሰጠሁ ነው። ኦቦ ሙለታ ከሠልጣኞቹ በዕድሜ ትልቁ ናቸው። ሃዋኒ የሚለውን ስሜን እንጂ ማን መሆኔን አላወቁም። እኔ ግን ድምፃቸውን በእንቅልፌም አልስተውም። ሰሌዳው ላይ ያለውን ጥያቄ ያዘጋጀሁት ለእሳቸው ብዬ ነው።

በአንድ ትምህርት ቤት አሥር ኮራጆች አሉ። ስምንቱ በገበያ ቀን ከትምህርት የሚቀሩ ናቸው። በገበያ ቀን የሚቀሩት በጠቅላላው ሁለት መቶ ናቸው። ከእነዚህ ቀሪዎች አንዷ ኮራጅ የመሆን ዕድሏ ስንት ነው?

«ይሄማ ቀላል ነው» ይላሉ እየሳቁ፤ ሰማንያ በመቶ ብለውም ይጽፋሉ።

ያኔም እንዲሁ ነበር ያሰሉት። ታላቅ እህቴ ጋዲሴ በገበያ ቀን ከእናታችን ጋር ጊንጪ ጤፍ ስትሸጥ ትውላለች። በሒሳብ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ስትወጣ፣ መምህሯ ኦቦ ሙለታ «ኮራጆቹ የገበያ ቀሪዎች ናቸው፤ አንቺም ቀሪ ነሽ» ብለው ወረቀቷን ሰው ፊት ቀደዱት። ከዚያ ወዲህ ክፍል አልገባችም። ጤፍ እየሸጠች እኔን አስተማረችኝ።

«የተነሡት ከኮራጆቹ ነው» እላቸዋለሁ። «ስለ ልጅቷ የምናውቀው ግን መቅረቷን ብቻ ነው። ከቀሪዎቹ ይነሡ።»

ሰማንያውን በመዳፋቸው ያጠፋሉ። ስምንት ለሁለት መቶ ሲካፈል፣ አራት በመቶ።

«ታዲያ ስለቀረች ብቻ ኮረጀች ይባላል?»

«አይባልም።»

«ልጅቷ ጋዲሴ ትባላለች። ታላቅ እህቴ ናት።»

ፊቴን ገና አሁን ያዩታል። ሳቃቸው ይጠፋል። «ማሎ ሃዋኒ፣ እባክሽ፣ ሰው ፊት?»

«የእሷም ሰው ፊት ነበር።»

ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

«ጋዲሴ አልኮረጀችም» ይላሉ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ያስቀመጥኩትን ስልክ እገለብጠዋለሁ። ትምህርቱ ሲጀመር የደወልኩላት እህቴ ከጊንጪ ገበያ እያዳመጠች ነው። ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማት ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ።

«ጋዲሴ፣ ሰማሽ?»

መጀመሪያ የገበያ ጫጫታ ይመጣል። ቀጥሎ የእሷ ድምፅ።

«አይሱዙ ሲያልፍ አላሰማኝም። ይድገሙት በያቸው።»

ኦቦ ሙለታ የኮታቸውን ቁልፍ ይቆልፋሉ፤ ወደ ስልኩም ጎንበስ ይላሉ።