አንደኛ ከፋይ

ከፍያለው ሰሞኑን ዕቃ ማጠብ ጀምሯል። ወርቅነሽን ያስጨነቃት ይኸው ነው። በትዳራቸው ዘመን አንዲት ብርጭቆ ከጠረጴዛ ያላነሳ ሰው ድንገት ሽር ጉድ ሲል፣ ወይ አጥፍቷል ወይ ታሟል።

የሚኖሩት ሮም ውስጥ ቶር ፒኛታራ በሚባል ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሷ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ዕድሜዋን በሙሉ እዚያው የሰው አረጋውያን ስታስታምም የኖረች ናት። እሱ ሰባን አልፏል። አሜሪካ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ መካኒክ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ አገባትና ጠቅልሎ እሷ ዘንድ መጣ።

ሲመጣ ሁለት የሕክምና ኢንሹራንስ ይዞ ነው። አንዱ ሜዲኬር የሚሉት፣ የአሜሪካ መንግሥት ስልሳ አምስት ለሞላቸው አረጋውያን የሚሰጠው ነው። ሌላው የአውቶቡስ ድርጅቱ ለጡረተኞቹ ያቆየላቸው ነው። ነገሩን ሲያስረዳት አይሰለቸውም።

«ሜዲኬር አንደኛ ከፋይ ነው። እሱ ከፍሎ የተረፈውን የመሥሪያ ቤቱ ያነሳል።»

«ሜዲኬርህ ሮም ላይ ይሠራል?»

«አይሠራም።»

«እና በየወሩ የምትከፍልለት ምን ነክቶህ ነው?»

«ካቋረጥኩት መሥሪያ ቤቱ ሁለታችንንም ይሰርዘናል። የመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ባሕር ማዶም ይከተለናል።»

«አሎራ፣ እንግዲያ የሚሠራው እንዳይቀርብህ ለማይሠራው ትከፍላለህ!» ትለውና ትስቅበታለች።

ከፋሲካ በኋላ አብረው ተመረመሩ። ውጤቱን በውክልና ሄዶ ያመጣው እሱ ነው። «ሁለታችንም ደህና ነን» አለ፣ ጫማውን እያወለቀ። ዓይኗን ግን አላያትም።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ሱሪው ሰፋው። ሌሊት ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢሉን ይቀማታል፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱም «እስቲ ትንሽ እንረፍ» ይላል። ወርቅነሽ አብራው ቆማ ትንፋሹን ታዳምጣለች። ጭንቀቱ እሷንም ምግብ ከለከላት፤ ቀሚሶቿን ማጥበብ ጀመረች።

አንድ ቀን ልቧ አልችል ብሎ ቪያ ቮልቱርኖ ወደሚባለው ጎዳና ወረደች። እዚያ ስልክና ሐዋላ ቤት ያላት ሕሊና የምትባል ልጅ የአበሻውን ሁሉ ወረቀት ትጨርሳለች። ከፍያለው ጣልያንኛ ስለማያነብ የምርመራውንም ውጤት ያነበበችለት እሷ ናት። ወርቅነሽ ስትገባ ሕሊና ጀርባዋን ሰጥታ ስልክ ላይ ነበረች። የምታናግረው አሜሪካ ያለውን ጥበቡን፣ የከፍያለውን የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው።

«ጋሽ ጥበቡ፣ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄደው ጠየቁልን? … እሺ። ለእሳቸው አንደኛ ከፋዩ የመሥሪያ ቤቱ ነው ማለት ነው? … አዎ፣ ሜዲኬርማ ለእሳቸው አይሆንም። ቫ ቤኔ፣ ጥሩ። የዚህ የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ስለማያደርስ ነው የግል ክሊኒክ የያዝነው። … አይ፣ እሳቸው አያውቁም። ሐኪሙ ራሱ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይነግራቸዋል። እስከዚያ በጭራሽ እንዳይሰሙ።»

ወርቅነሽ መደርደሪያውን ተደግፋ ቆመች። ኢንሹራንሱ የከፍያለው ነው፤ እሳቸው የተባለው ሌላ ማን ሊሆን ነው? ባሏ ታሟል። እሱም አያውቅም፤ ነፍሱ ብቻ ነግራዋለች። በአበሻ ወግ ከባድ በሽታ ለዘመድ በሹክሹክታ ይነገራል እንጂ ለታማሚው አይነገርም። ለእሷ ለሚስቱ መደበቁ ግን አንገበገባት።

ሕሊና ዞር ስትል አየቻትና ስልኩ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። «እትዬ ወርቅነሽ! ምን… ምን ሰሙ?»

«ሁሉንም።»

ልጅቷ እንባዋ ቀደማት። «አይዞዎት። ክሊኒኩ ጥሩ ነው፤ ሐኪሙም በጊዜ ተደርሶበታል ብሏል።»

«ለከፍያለው እንደሰማሁ እንዳትነግሪው። ካወቀ ይሰበራል።»

«እርስዎ አይፈሩም?»

«እንዴት አልፈራም፣ ልጄ! ግን አሁን የእኔ ፍርሃት አይደለም ቁም ነገሩ።»

ሕሊና ጉንጯን ሳመቻት። «እንደ እርስዎ ያለ ሰው አላየሁም» አለች።

ማታ እራት ላይ ወርቅነሽ በመንገድ ያሰበችውን ውሸት አወጣች። ክሊኒክ ና ብትለው እንቢ እንደሚል ታውቃለች። አንድ ዘዴ ብቻ አላት።

«ከፌ፣ እኔ ደህና አይደለሁም። ይደክመኛል። ሕሊና ቀጠሮ ትያዝልኝና አብረኸኝ ሂድ።»

ከፍያለው ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ እጇን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ።

«እሺ ወርቄ፣ እሺ። እስከ የትም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

እንዲህ በቀላሉ ይታለላል ብላ አላሰበችም። ጀርባውን እያሻሸች አባበለችው። ይህን የዋህ ሰው አጥታ እንዴት እንደምትኖር አታውቅም።

በቀጠሮው ቀን ሻንጣ አሰናዳች። የእሱን ፒጃማ ከሥር ደበቀች። እሱም መጥቶ የእሷን ጋቢና ነጠላ ጫማ ከላይ ጨመረ፤ አስታማሚም ሌሊቱ ይበርደዋል ብላ ሻንጣውን ዘጋችው።

ክሊኒኩ ውስጥ ተያይዘው ተቀመጡ። ከፍያለው ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም፤ ፈርቷል ብላ ፈገግ አለችለት። ወዲያው አንዲት ነርስ ስም የተጻፈበት የፕላስቲክ አምባር ይዛ መጣች። ወርቅነሽ ፈጥና ተነስታ ጆሮዋ ሥር «ፒያኖ፣ ቀስ በይ ሲኞራ፤ ባለቤቴ ገና አልተነገረውም» አለቻት በጣልያንኛ።

ነርሷ ከፍያለውን አየችው፤ እሱ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ የወርቅነሽን ቀኝ እጅ ቀስ አድርጋ አነሳችና አምባሩን አሰረችላት።