ከአጥሩ በላይ

ግርማቸው የጓሮውን አጥር ያስረዘመው ለሴት ልጁ ክብር ሲል ነው። እሱ እንደዚያ ነው የሚለው።

ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቱ ጓሮ ማዶ ጎረምሶች ባስኬትቦል የሚጫወቱበት ሜዳ አለ። ከሜዳው ወዲያ መንገዱ ነው። ግርማቸው ትራክ ስለሚነዳ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቤቱ አያድርም። እሱ በሌለበት የሚጠብቅለት አጥሩ ብቻ ነበር።

ወሬውን ያመጣው ሲራክ ነው። ሲራክ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖር የቸርቹ ሰው ነው። ሌሊት ይሠራል፣ ጠዋት ይገባል፣ የሰው ጓሮ ማየት አይሰለቸውም።

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ» አለ በስልክ። «ከናይት ሺፍት ስመለስ ልጅዎ ትራምፖሊኑ ላይ ትዘላለች። ቢጫ ሻሽ ጠምጥማ ከአጥሩ በላይ ብቅ ጥልቅ! ዓይኗ ወደ ሜዳው ነው።»

«ሻሽ? እንዳትታወቅ ነዋ!» አለ ግርማቸው። ዓርብ ሲገባ እንጨት ጭኖ መጣ።

ትራምፖሊኑ፣ በሽቦ የተወጠረው መዝለያ ሸራ፣ የተገዛው ለወንዱ ልጅ ለሩፋኤል ነበር። ሩፋኤል አሁን የራሱ መኪና አለው፤ ባሻው ሰዓት ይገባል፣ የት ነበርክ የሚለው የለም። እህቱ ናርዲ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷትም ከትምህርት ቤት ቤት፣ ከቤት ቸርች ነው። ስልኳ ይፈተሻል። የጓደኛዋ ልደት ላይ እንኳ አትሄድም። ክሊቭላንድ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሲቀበላት አባቷ በግማሽ አፉ «እናያለን» ነው ያላት።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይላል ግርማቸው። ተረቱን የተረተው ወንድ መሆኑን ለመገመት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ግርማቸው በሌለበት ቤቱን የምትረግጥ አንዲት ሰው ነበረች። ቾይ የምትባል ኮሪያዊት ጎረቤት፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። በበርበሬ የተቀመመ ጎመኗን ይዛ ትመጣለች፤ ከናርዲ እናት ከላቀች ሚጥሚጣ ይዛ ትሄዳለች። አንድ ቀን ኩሽና ቁጭ ብላ አያቷ የነገሯትን አወራች፣ ናርዲ አስተረጎመች።

ድሮ በእነሱ አገር የጨዋ ልጅ የምትባል ሴት ከግቢ አትወጣም ነበር። አባት ሲሞት ወንድም፣ ወንድም ሲቀር ባል ይጠብቃታል። ግንቡ ደግሞ ከቁመቷ በላይ ነው። ስለዚህ ልጃገረዶቹ ለበዓል ሳንቃ በታሰረ ጭድ ላይ አጋድመው፣ አንዷ ከዚህ ጫፍ አንዷ ከዚያ ጫፍ እየዘለሉ በተራ ወደ ላይ ይነሣሉ። አባቶቹ ጨዋታ ነው ብለው ዝም ይላሉ። ልጆቹ ግን አየር ላይ ባሉባት ቅጽበት ከግንቡ ማዶ ያያሉ።

«ምን ያዩ ነበር በያት» አለች ላቀች።

ናርዲ ጠየቀች። ቾይ ሳቀች። «መንገድ» አለች።

አጥሩ ከረዘመ በኋላም ሲራክ ደወለ። «ጋሼ፣ ብሶባታል። ከፍ ብላ ነው አሁን የምትዘለው።»

ቅዳሜ ዕለት ግርማቸው ልጁን ሳሎን አስቀመጣት። ላቀች ምሳ አቀረበች። ታነክሳለች፤ ደረጃ አዳልጦኝ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ ብላለች። ባሏ ቀና ብሎ አላየም። እንኳን ቁርጭምጭሚቷን ፊቷንም ካየ ቆይቷል።

«ማነው ልጁ?»

«ማንም የለም፣ ዳድ።»

«ዘለሻል አልዘለልሽም?»

ናርዲ እናቷን አየች። ቀጥላ ምንጣፉን አየች።

«ዘልያለሁ።»

«እኔ እኮ…» አለች ላቀች።

«አንቺ ዝም በይ! ያበላሸሻት አንቺ ነሽ!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ክሊቭላንድ የሚባል ነገር የለም። ሰኞ እኔው ራሴ ኮል አደርጋለሁ፣ አትመጣም እላቸዋለሁ። እዚሁ ዓይኔ ሥር ትማሪያለሽ!»

«ዳድ፣ ፕሊስ…» ናርዲ አለቀሰች። የልፋቷ ሁሉ ፍሬ በአንድ መዳፍ ምት አለቀ። እንዲህ ያለውን ሰው አባት ብሎ መጥራት ያንገበግባል።

ላቀች ሰሃኑን አንሥታ እያነከሰች ወደ ኩሽና ገባች።

ግርማቸው ስለ ክብር ቀጠለ። ስለ ስም፣ ስለ ቸርች ሰው አፍ፣ ስለ ጨዋ ልጅ ብዙ ተናገረ። መሐል ላይ ከጓሮ የትራምፖሊኑ ሽቦ ሲጥ አለ። ደግሞ ሲጥ አለ።

ግርማቸው ልጁን አየ። ናርዲ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች።

ተነሥቶ መጋረጃውን ገለጠ።

ከአዲሱ አጥር በላይ የላቀች ቢጫ ሻሽ ብቅ አለ።