የአርብ ተራ

ኮከብ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስትነሳ፣ ከፊት ለፊቷ ጠረጴዛ ፍሬሕይወትም እየተነሳች ነበር። ተያዩ። አርብ ከሰዓት፣ ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት፣ በዚህ የአዳማ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ የሚነሱት ባለ ልጆቹ ናቸው። ኮከብ የምትቀረዋ ናት።

«ወዴት ነው?» አሉ አለቃቸው አቶ መሳይ። የመኪና ቁልፋቸውን እሳቸውም ይዘዋል።

«ልወጣ ነው።»

«መኪናዎቹ እኮ ገና ከሞጆ አልወጡም።»

መቼ ወጥተው ያውቃሉ። ጭነት የጫኑት መኪናዎች የሞጆ ደረቅ ወደብን በር እስኪያልፉ አንድ ሰው ቢሮ ተቀምጦ ስልክ ይጠብቃል። ወረቀት የጎደለው ይደውላል፣ ጥበቃ ያስቆመው ይደውላል፣ እንዲሁ ብቻውን መቀመጥ የሰለቸውም ይደውላል። ከመሸ በኋላ የመጨረሻው ሹፌር «ወጥቻለሁ፣ በይ ግቢ» ሲላት ኮከብ መብራት አጥፍታ ትሄዳለች። ሲጀመር ሥራው በተራ ነበር። ከዚያ የፍሬሕይወት ልጅ ተወለደች፤ ከዚያ የአቶ መሳይ ትህትና፤ ከዚያ የጋሮምሳ መንትዮች። ተራውም ከአንዱ ወደ አንዱ እየተንከባለለ መጥቶ ኮከብ ጋ ቆመ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። እንዲያውም ከመውደዳቸው የተነሳ የፍሬሕይወትንም የአቶ መሳይንም ልጆች ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። ቢሮው ውስጥ ሴት ልጅ በተወለደች ቁጥር ለኮከብ አንድ የክርስትና ልጅ ይጨመርላታል፤ ምሽቷ ደግሞ ይቀነስባታል።

«የታመመ አለ እንዴ?» አሉ አቶ መሳይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ኧረ ሁሉም ደህና ነው።»

«ታዲያ…» አሉና ቀሪውን ዋጡት። የዋጡትን ግን ሁሉም ሰማው፤ ልጅ የለሽም፣ ምን ያስቸኩልሻል ነው ነገሩ።

ፍሬሕይወት ፈጥና ገባች። ነገር ማለሳለስ ታውቅበታለች። «ልጅ የላትም ያለው ማን ነው? የክርስትና ልጅ ልጅ አይደለም? የኔንስ፣ የእርስዎንስ ትህትና ያነሳችው ማን ሆነችና?»

የአቶ መሳይ ፊት ፈካ። ሰንበቴ የማያጓድሉ ሰው ናቸው፤ በአበልጅ ቀልድ አያውቁም። «እውነት ነው እኮ። አበልጄ አይደለሽ? እንግዲያው እኔ ስልኩን ልያዝልሽ፣ አንቺ ትህትናን ከትምህርት ቤት አምጪያት። እግረ መንገድሽን ጁስ ጋብዣት። እንዴት ደስ ይላታል።»

ሁሉም እፎይ አለ። ኮከብም «እሺ» ልትል ምንም አልቀራት። ለዓመታት የለመደችው ቃል ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል። ትህትና ከትምህርት ቤቱ በር ሮጣ መጥታ እግሯ ላይ ስትጠመጠም ታያት። ያቺን ልጅ ትወዳታለች። ግን ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከፎጣው ስር፣ አምና የገዛችው አንድም ቀን ያልለበሰችው የዋና ልብስ አለ።

«ትህትናን ሌላ ቀን እወስዳታለሁ» አለች። «እሷ ልጄ ናት፣ መውጫ ፈቃዴ አይደለችም። ዛሬ የምሄደው ላንጋኖ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ላንጋኖ ምን አለ?»

«ውሃ።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ጋሮምሳ ሳቁ አመለጠው። «ዋና ትችያለሽ እንዴ?»

«አልችልም። ነገ ጠዋት ልጀምር ነው። አሁን መኪና ካመለጠኝ ደግሞ ማታ አላገኝም።» ወደ አለቃዋ ዞረች። «አቶ መሳይ፣ ልጆቻችሁ በር ላይ ቆመው ሲጠብቋችሁ ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል። ሂዱ የምላችሁ ከልቤ ነው። ግን እኔም ቤት አለኝ፤ ከማታ በቀር አላየውም። ምክንያት ከሰው ሳልዋስ፣ ተራዬ ስለሆነ ብቻ፣ በብርሃን መውጣት አማረኝ።»

ፍሬሕይወት የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተችው፣ መልሳ ዘጋችው። ለካ ስንት ዓመት ኮከብን «አንቺማ ምን አለብሽ» ስትላት ኖራለች።

«የሚቀጥለው አርብ የኔ ይሁን» አለች። «ልጄን እናቴ ታመጣልኛለች።»

«ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ» አለ ጋሮምሳ። «መንትዮቹን ይዣቸው እመጣለሁ። ሹፌሮቹን እነሱ ያናግሯቸው፤ ማን ቀድሞ እንደሚሰለች እናያለን።»

አቶ መሳይ ሁለቱን አዩ፤ ቁልፋቸውን አዩ። ከዚያ ሄደው የኮከብ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ለእሷ ቁመት ዝቅ የተደረገ ስለሆነ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። እንደዚያው ሆነው ባለቤታቸው ጋ ደወሉ።

«ዛሬ ትህትናን አንቺ አምጪያት… አይ፣ እኔ አመሻለሁ… ምንም አልሆንኩም። ተራዬ ነው።»

ኮከብ ይህን የሰማችው ደረጃውን መውረድ ስትጀምር ነው። ከላይ «ነጋቲ፣ ደህና ሁኚ ኮከብ፣ ዓሣ እንዳይውጥሽ» የሚል የጋሮምሳ ድምፅ ተከተላት። እየሳቀች ወረደች።

የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስልኳ ጮኸ። ሹፌሩ ጫምሳ ነው፣ ከሞጆ።

«ኮከብዬ፣ ሚዛን ላይ ወረፋው አይጣል ነው። ዛሬም ልናመሽ ነው።»

«አቶ መሳይ ጋ ደውልላቸው። ቢሮ ያሉት እሳቸው ናቸው።»

«አቶ መሳይ? ምነው፣ አመመሽ?»

«ደህና ነኝ። በሞጆ ሳልፍ እጄን አውለበልብልሃለሁ።»

የሕንፃውን በር ገፍታ ወጣች። ብርሃኑ ዓይኗን ሞላው። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች እየተገፋፉ ያልፋሉ፤ ባጃጆች በመሃላቸው ይሽሎከሎካሉ። ኮከብ ቆም አለች። ለምሳ ስትወጣ እግሯ ስር የምትኮማተረው ጥላዋ አሁን አስፋልቱ ላይ ረዝማ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ቀድማት የመናኸሪያውን መንገድ ይዛለች።