አረንጓዴውን ነካሁት

«ውሃው ለሁለት ብቻ ይበቃል። ውጭ ያለው ሰው ይቅር?» ራሱን የሚነዳው መኪናችን ከመሪው አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ እንዲህ ብሎ በጽሑፍ ጠየቀኝ። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር።

በሕጉ መሠረት መኪና በረሃ የሚሻገረው ለተሳፋሪው ሁሉ የሚበቃ ውሃ ከያዘ ብቻ ነው። የእኛ በርሜል በአፋር ኮረኮንች ላይ ተሰንጥቆ ሲፈስ አላየንም። አሸዋ ሲይዘን ባለቤቴ ይማም ወርዶ መኪናው እንዲወጣ ጎማዎቹን ማስተንፈስ ጀመረ።

«ይማም፣ ጽሑፍ መጣ» አልኩት።

«ስጨርስ አነብልሻለሁ፣ እመቤቴ። አንድ ቀን እንኳ ታግሰሽ አታውቂም።»

ልጃችን ዘሃራ እቅፌ ውስጥ በትኩሳት ትነድ ነበር። መታገስ አቃተኝ። ከጽሑፉ ሥር የሚነኩ ቀይና አረንጓዴ ምልክቶች ነበሩ፤ አረንጓዴ በክሊኒክም በወፍጮ ቤትም ክፉ አድርጎብኝ አያውቅም። ነካሁት።

በሮቹ ተቆለፉ። መኪናው በራሱ ተነስቶ ከአሸዋው ወጣ። ይማም ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ከዚያ ሮጠ። ያገኘሁትን ሁሉ ብጫንም እስከ ሰመራ አልቆመም። የይማም የማንበቢያ መነጽር ፊት ለፊቴ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር። ሊፈልጉት የሄዱት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ዘንድሮ ፊደል ቆጠርኩ። መኪናው መዝግቦ ያቆየውን ጥያቄ ራሴ አነበብኩት። ከሥሩ መልሴ ተጽፏል፦ «አዎ»።

እኔና ዘሃራ ሄድን። ይማም ቀረ።